ቁጢጥ የሚለው ልጅ፤ ከገረሴ እስከ ጥቁር አንበሳ

የሕክምና ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሞች ታሪክ ሆኖ ይወጣል። የሐኪሙ ስም፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ የተመረቀው ሕንፃ፣ ሪባኑን የቆረጠው ባለሥልጣን። እኛም በዚህ ጽሑፍ ስምም ዓመትም እናነሳለን፤ ያለ እነርሱ ታሪክ አይሆንም። ነገር ግን ከልብ ሕመም ጋር የተወለደ ልጅ ታሪክ ሐኪም ቤት አይጀምርም። የሚጀምረው እናቱ ጡት ላይ ነው።

ሕፃኑ ጡቱን ይይዛል፤ ጥቂት ይስባል፤ ያቆማል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ግንባሩን ያልበዋል። መልሶ ይይዛል፤ መልሶ ይደክመዋል፤ ሳይጠግብ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሦስት ወር ሞልቶትም ሰውነቱ የአራስ ነው። ከገረሴ ከተማ ርቃ በአንድ የቦንኬ መንደር የምትኖር እናት ነገሩ ደህና አለመሆኑን ማንም እንዲነግራት አያስፈልጋትም፤ ከእሱ በፊት ሌሎች አሳድጋለች። የሚነገራት ግን ሌላ ነው። አማቷ «ወተትሽ ቀጥኗል» ትላለች። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። ጤና ጣቢያ ስትሄድ «ሳንባ ምች ነው» ተብሎ ሽሮፕ ይሰጣታል፤ ልጁ ለሳምንት ይሻለዋል፤ ከዚያ ያገረሽበታል። (በነገራችን ላይ ሳንባ ምች መባሉ ውሸት አይደለም። ልቡ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያለበት ሕፃን ሳንባው በትርፍ ደም ስለሚጥለቀለቅ በእርግጥም ሳንባ ምች ይደጋግመዋል። የጎደለው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ለምን?» ብሎ ደረቱን የሚያዳምጥ ሰው ነው።)

ልጁ ከፍ ካለ በኋላም መጀመሪያ የሚያየው ወላጅ ነው። የአንዳንዱ ልጅ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፤ ሲያለቅስና ሲሮጥ ይብስበታል። ከእኩዮቹ ጋር ኳስ እያባረረ ድንገት ያቆምና ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ ትንሽ ይቆያል፤ ከዚያ ተነስቶ ይቀጥላል። ሰነፍ የሚሉት አሉ። ልጁ ግን ማንም ሳያስተምረው ራሱን በራሱ እያከመ ነው። ቁጢጥ ሲል ወደ እግሮቹ የሚወርደው ደም መንገዱ ይጠብበታል፤ በዚህ ምክንያት በልቡ ውስጥ ባለው ቀዳዳ ሳይጣራ ወደ ሰውነት ሊያመልጥ የነበረው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ኦክስጅን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1888 በፈረንሳይ ማርሴይ ከተማ አርተር ፋሎ የተባለ ሐኪም አራት ጉድለቶች አንድ ላይ የሚገኙበትን የዚህን ሕመም መልክ በዝርዝር ጻፈ፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ቁጢጥ ማለቱን ግን ከፋሎም በፊት በየአገሩ ያሉ እናቶች ያዩት ነበር።

ወላጅ ያለውን ሰምቶ ታሪክ የሠራ ሐኪም አለ። ኖርማን ግሬግ ይባላል፤ አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ሲድኒ ውስጥ ዓይናቸው ላይ ሞራ ይዘው የተወለዱ ሕፃናት በዙበት። እንደሚተረከው ከሆነ ነገሩ የተገለጠለት በመጠበቂያ ክፍሉ የተቀመጡ እናቶች እርስ በርስ ሲያወጉ ሰምቶ ነው፤ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ላይ ሩቤላ ይዟቸው እንደነበር ይነጋገሩ ነበር። ግሬግ ይህን ተከታትሎ አሳተመው። ከእነዚያ ሕፃናት ብዙዎቹ የልብ ጉድለትም ነበረባቸው። በማኅፀን ያለ ጽንስ ልብ በእናቱ ላይ ባለፈ ኢንፌክሽን ሊጎዳ እንደሚችል ዓለም በቁም ነገር የተረዳው ከዚህ በኋላ ነው።

ቀዶ ሕክምናውም ያደገው በዚያው ዘመን ነው። ጽንስ ሳለ ክፍት የሚሆን፣ ከልደት በኋላ መዘጋት ያለበት አንድ የደም ቧንቧ አለ፤ በአንዳንድ ልጆች ሳይዘጋ ይቀራል። ሮበርት ግሮስ የተባለ የቦስተን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1938 የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ ይህን ቧንቧ በክር ቋጠረው፤ ልጅቷ ዳነች። ስለዚህ ቧንቧ እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። እንዲዘጋ የሚያደርገው ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጋር የሚመጣው ኦክስጅን ነው። አየሩ በሳሳበት ከፍተኛ ቦታ ሳይዘጋ የሚቀርባቸው ልጆች ቁጥር ይጨምራል፤ በፔሩ ተራሮች ላይ የሠሩ ሐኪሞች ይህን አሳይተዋል። የጨንቻ ከተማ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጉጌ ተራራ መንደሮች ደግሞ ከእርሷም በላይ ናቸው።

ከግሮስ በኋላ የመጣችው ሔለን ታውሲግ ናት። በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት ልብ ሐኪም ነበረች፤ ጆሮዋ ስለደከመ የሕፃናቱን ልብ በጣቶቿ ነበር የምታዳምጠው። ከንፈራቸው ከሚጠቁረው ልጆች መካከል ያ ቧንቧ ሳይዘጋ የቀረላቸው የተሻለ እንደሚኖሩ፣ ሲዘጋ ደግሞ እንደሚብስባቸው አስተዋለች። እንግዲያው ለምን በእጃችን ሌላ ቧንቧ አንሠራላቸውም አለች። ሐሳቡን በውሾች ላይ ሞክሮ ያበሰለው ቪቪየን ቶማስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ለመርገጥ ዕድል ያላገኘ ሰው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1944 አልፍሬድ ብላሎክ የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲቀድድ ቶማስ ከኋላው ቆሞ እንዴት እንደሚሰፋ ይነግረው ነበር።

እኛን ከሁሉ በላይ የገረመን ግን ከ10 ዓመት በኋላ የሆነው ነው። የልብን ውስጥ ከፍቶ ለመሥራት ልብን ለጊዜው ማቆም ያስፈልጋል፤ እስከዚያው ደሙን ማን ይግፋ? በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ዋልተን ሊለሃይ የሰጠው መልስ «ወላጁ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1954 አንድ የ13 ወር ሕፃን ጠረጴዛ ላይ ተኛ፤ አጠገቡ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አባቱ ተኛ። ደም ሥሮቻቸው በቱቦ ተገናኙ። የልጁ ልብ ተከፍቶ ቀዳዳው ሲሰፋ የአባት ልብና የአባት ሳንባ ለሁለት ሠሩ። ሕፃኑ ከ11 ቀን በኋላ በሳንባ ምች ሞተ። ሊለሃይ ግን አላቆመም፤ በዚህ መንገድ 45 ታካሚዎች ተሠራላቸው፤ 28ቱ ድነው ወደ ቤታቸው ገቡ። ከተኙት ወላጆች አንዷ እናት አንጎሏ ላይ ከባድ ጉዳት ደርሶባታል። ተቺዎቹ «በአንድ ቀዶ ሕክምና ሁለት ሰው መግደል የሚቻልበት ዘዴ» ይሉት ነበር፤ አልዋሹም። ይህን እያወቁ አባቶችና እናቶች ተሰልፈው ተኙ። ብዙም ሳይቆይ የወላጁን ቦታ ማሽን ተረከበው፤ ዛሬ ያ ዘዴ በመጻሕፍት ብቻ ያለ ነው።

በዚያን ጊዜ አርባ ምንጭ የምትባል ከተማ አልነበረችም። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበረች፤ ከደጋው ወርዶ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ራስጌ ሴቻና ሲቀላ የሚባሉት ሰፈሮች ከተማ የሆኑት በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ ስንት ጊዜ ተለዋወጠ! ጠቅላይ ግዛት ነበረ፤ ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ሰሜን ኦሞ ተባለ፤ ጋሞ ጎፋ ዞን ተባለ፤ በ2011 ዓ.ም. ጋሞ ዞን ብቻውን ቆመ፤ በ2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መጣ። የልብ ሕመም ያለበት ልጅ መንገድ ግን በእነዚህ ሁሉ ስሞች ሥር ያው አንድ መንገድ ነው፦ በሶዶ፣ በሆሳዕና፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን። ደክሞት የሚተነፍስ ሕፃን ታቅፎ፣ ከ1,300 ሜትር ገደማ ወደ 2,400 ሜትር፣ አየሩ ወደ ሳሳበት።

ከአዲስ አበባ ምን ይገኝ ነበር? ለብዙ ዓመታት የሚገኘው የበሽታው ስም ነበር። አገራችን ሐኪም ማስተማር የጀመረችው በ1950ዎቹ ነው፤ የሕፃናት ሐኪሞችም ተከትለው መጡ። ልብን አዳምጦ፣ ራጅ አንስቶ፣ ኋላም በኢኮ አይቶ «ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው» ማለት ተቻለ። «መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ እዚህ ግን አይሠራም» የሚለው ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ሰምቶ ወደ ጨንቻ የተመለሰ አባት ምን ይዞ ተመለሰ? ከዚያ በፊት ልጁ የታመመው በዓይን ነበር፤ ጸበልም ጸሎትም ስለትም ነበረው። አሁን ያለ ግን የማያገኘው መድኃኒት እንዳለ ያውቃል። ማወቁ ክፉ ነው አንልም። ቀላል አድርጎ መጻፍ ግን አልቻልንም።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶ/ር በላይ አበጋዝ ያንን ዓረፍተ ነገር መናገር የሰለቸው ሰው ሆነው ተነሱ። የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ የተባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሥራው በውጭ አገር የሚያክም ፈልጎ ልጅ መላክ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ ስመ ጥሩው የልብ ቀዶ ሐኪም ሰር መግዲ ያኩብ የመሠረቱት ቼይን ኦፍ ሆፕ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያለው ድርጅት ልጆች ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል ሆሎን ከተማ ዶ/ር አሚ ኮኸን የመሠረቱት ድርጅትም አጀማመሩ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ስለ ሁለት ልጆች ያቀረበው ልመና ነው ያስጀመረው።

ስለዚህ ዘመን ሲወራ የሚወራው ስለ ደግነቱ ነው፤ ደግነቱም እውነት ነው። ከጋሞ በኩል ሲታይ ግን ሌላም ነገር ነበረው። የአውሮፕላኑ ወንበር የልጁ ነው። ብዙ ጊዜ፣ በተለይ ከፍ ላሉት ልጆች፣ የወላጅ ወንበር አልነበረም። አጃቢ አብሮ ይሄዳል፤ እዚያ የሚቀበል ቤተሰብ ይኖራል። ወላጁ የሚያደርገው ወረቀት ላይ መፈረም ነው፤ ያልተማረ ከሆነ ጣቱን ማተም። ሚኒሶታ ላይ አባት ከልጁ ጎን ተኝቶ ደሙን ሰጠ። አዲስ አበባ ላይ አባት ልጁን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ፣ ስሙን እንኳ ወደማያውቀው ከተማ ሰደደ፤ ልጁ ይመለስ አይመለስ በሚሰማበት ስልክ አጠገብ ከረመ። ሞባይል ባልነበረበት ጊዜ ያ ስልክ የሰው ስልክ ነው። ሁለቱንም አስቀምጠን ስናይ የትኛው እንደሚከብድ መወሰን አቃተን።

የመክረሚያውም ነገር አለ። እዚህ ላይ ጋሞዎች ከሌላው የሩቅ አገር ሰው አንድ ብልጫ ነበራቸው፦ ሽሮ ሜዳ። ከጨንቻ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሸማኔዎች ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በሽሮ ሜዳና በጉለሌ ሰፍረዋል። የልብ ሪፈር ይዞ ለመጣ የጋሞ ወላጅ አዲስ አበባ ባዶ ከተማ አይደለችም፤ የአጎት ልጅ አለ፣ የአገር ልጅ አለ፣ ዕድር አለ። ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ፍራሽ ይዘረጋል፤ መወርወሪያው ከወዲያ ወዲህ ሲል ሕፃኑ ይተኛል። ቀጠሮው ለሦስት ወር ሲገፋ አባት አብሮ ቁጭ ብሎ ይሸምናል፤ እናት ትፈትላለች። ስለ ልብ ሕክምና በሚጻፉ ሪፖርቶች ውስጥ ይህ ማደሪያ ተጠቅሶ አላየንም። ሸማኔ ዘመድ የሌለው የሌላ አገር ሰው ቀጠሮው በተገፋ ቁጥር ወይ በረንዳ ያድራል ወይ ወደ አገሩ ይመለሳል።

በዚያው ዘመን ሐኪሞቹም ከወላጅነት ጋር ሲታገሉ የታየበት አንድ ታሪክ አለ፤ ስለ ልብ ሳይሆን ስለ አከርካሪ ነው፤ ግን ይመለከተናል። በአዲስ አበባ የማዘር ቴሬዛ ማረፊያ የልብም የአከርካሪም ሕሙማንን ሲያክሙ የኖሩት አሜሪካዊው ዶ/ር ሪክ ሆድስ ሁለት አከርካሪያቸው የጎበጠ ልጆችን በማደጎ ወሰዱ። ምክንያቱ፣ ልጆቻቸው ከሆኑ በእሳቸው የሕክምና ዋስትና ስለሚሸፈኑ ነው። ሕግ ፊት አባት መሆን የቀዶ ሕክምና ትኬት ሆነ።

በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከሉ ተከፈተ። ገንዘቡ ከሕዝብ መዋጮ፣ ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲን ከመሳሰሉ ባለሀብቶችና ከውጭ ድርጅቶች የመጣ ነው። ልጅ ወደ ሐኪም መሄዱ ቀርቶ ሐኪም ወደ ልጅ ይመጣ ጀመር፦ የውጭ የቀዶ ሕክምና ቡድን ለአንድ ሁለት ሳምንት ይመጣል፣ የቻለውን ያህል ይሠራል፣ ይሄዳል። ከተከፈተ ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ኢትዮጵያውያን ቡድኖች ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ያ ግሮስ በክር የቋጠረው ቧንቧ ዛሬ ደረት ሳይከፈት፣ በእግር ደም ሥር በገባ ቀጭን ቱቦ ይዘጋል፤ እዚሁ አዲስ አበባ። ትልቅ ነገር ነው፤ ትልቅ ነገር አይደለም የሚለን ካለ እንጣላለን።

ወረፋው ግን አለ። ከሺህ ሕፃናት 8 ያህሉ ከአንድ ዓይነት የልብ ጉድለት ጋር ይወለዳሉ። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ይወለዳሉና፣ በዚህ ስሌት በየዓመቱ ከ24 ሺህ በላይ ማለት ነው። ብዙው ቀላል ነው፤ ራሱን የሚዘጋም ቀዳዳ አለ። ቀሪው ግን ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ በዚያው ወረፋ ላይ ደግሞ ሲወለዱ ጤነኛ የነበሩ፣ በጉሮሮ ሕመም ሰበብ በመጣ የቁርጥማት በሽታ የልብ በራቸው የተበላሸ ልጆች ተሰልፈዋል። (ይህኛው በወቅቱ በተሰጠ ፔኒሲሊን ይከላከሉታል፤ ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።) የሚያልቁት የቀዶ ሕክምና ዕቃዎች ከውጭ የሚገዙ ናቸው፤ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ ወረፋው ይቆማል።

ወረፋ ሲባል የታክሲ ወረፋ የሚመስለው ሰው ይኖራል፤ ቢዘገይም ይደርሳል። የልብ ወረፋ እንዲያ አይደለም። በልቡ ሁለት የታችኛ ክፍሎች መካከል ሰፊ ቀዳዳ ያለበት ሕፃን ደሙ በግፊት ወደ ሳንባው ይጎርፋል። የሳንባው ቀጫጭን ደም ሥሮች ያንን ግፊት ለመቋቋም ግድግዳቸውን ያወፍራሉ፤ ይደነድናሉ። መጀመሪያ ላይ ልጁ የተሻለው ይመስላል። ጡት ላይ ማላቡ ይቀንሳል፣ ሳንባ ምቹ ይርቀዋል፣ ሥጋ ይይዛል። እናቱ ስለቷ የሠመረ መስሏት ታመሰግናለች፤ ቀጠሮውንም «ከተሻለው ምን አስቸኮለን» ብላ ታሳልፋለች። በውስጥ ግን በሩ እየተዘጋ ነው። ከጊዜ በኋላ የሳንባው ግፊት ከሰውነቱ ግፊት ይበልጣል፤ ደሙ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ ከንፈሩ መጥቆር ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን መስፋት ልጁን ይገድለዋል። ቪክቶር አይዘንመንገር የተባለ የቪየና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 የገለጸው ይህንን ነው። በአንድ ዓመቱ ቢሠራለት እንደ ማንኛውም ልጅ የሚያድገው ሕፃን፣ በስድስት ዓመቱ አዲስ አበባ ሲደርስ «ጊዜው አልፏል» ይባላል።

ከቦንኬ መንደር የሚነሳው መንገድ የሚረዝመው በዚህ ስሌት ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ አንድ ቀን ነው። እናት ልጇ ሲያልበው ካየችበት ቀን አንስቶ አንድ ሰው ማዳመጫ ደረቱ ላይ እስካስቀመጠበት ቀን ያለው ግን ዓመታት ሊሆን ይችላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል፤ የእናቲቱን በር የሚያንኳኩ የመጀመሪያዎቹ የመንግሥት ሰዎች እነርሱ ናቸው፤ ክትባትና ክብደት ይከታተላሉ። አርባ ምንጭ ዛሬ ሐኪም የሚያሠለጥን ዩኒቨርሲቲ አላት። ክብደቱ የማይጨምር፣ ሲጠባ የሚያልበው ሕፃን መጥቶ ማዳመጫ ሳይነካው የሚመለስበት ምክንያት በሴቻም በሲቀላም ሊኖር አይገባም ባይ ነን። ማዳመጫ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም፤ ተገዝቶ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአውሮፕላን የሄዱት ልጆች ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሴቶቹ ያገባሉ፣ ያረግዛሉ። ከልብ ጉድለት ጋር የተወለደች እናት ልጅም ከሌላው ይልቅ ከፍ ያለ ዕድል አለው፤ ከመቶ 3 እስከ 5 ይሆናል ይባላል፤ ስለዚህ በእርግዝናቸው ጊዜ ሐኪም በልጅነታቸው ምን እንደተሠራላቸው ይጠይቃቸዋል። አያውቁትም፤ አራት ወይም አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የሚያውቁት አባትና እናት ናቸው፦ የትኛው አገር፣ በስንት ወሩ፣ ጠባሳው ለምን በጎን ሆነ። ወረቀቱም እነርሱ ዘንድ ነው። ሊያነቡት በማይችሉት ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ከመሬቱ ግብር ደረሰኝ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።